«ዳንኩ!» ያለው ባል

ፊልሙ አልቆ ስሞቹ መውረድ ሲጀምሩ እህቴ መጀመሪያ ያለችው «ልጆቹስ?» ነበር። ባሏ ተቀበላት። «ሦስት ልጅ ጥላ! ያውም በሌሊት!» ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት የሆነችው ልጃቸው ከተቀመጠችበት ተነሣች። «እና ምን ታድርግ አባዬ? ከእሱ ጋር ትኑር?» ቡናው ገና ቶና ላይ ነበር። በረካ እስኪደርስ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ።

ያየነው የኖርዌዩ ሄንሪክ ኢብሰን የጻፈውን «የአሻንጉሊት ቤት» ነው። ፓትሪክ ጋርላንድ እ.ኤ.አ. በ1973 ወደ ፊልም የመለሰውን። ክሌር ብሉም ኖራን፣ አንቶኒ ሆፕኪንስ ባሏን ቶርቫልድን ሆነው ይጫወታሉ። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት ከሥሩ ጀምሬ አልተርክም። ጭብጡ ይህ ነው፦ ባል ይታመማል፣ ሚስት በድብቅ ተበድራ ጣልያን ወስዳ ታድነዋለች፣ ለብድሩ ዋስ ብላ የሟች አባቷን ፊርማ ራሷ ትፈርማለች። አባትየው የሞተው ሴፕቴምበር 29 ነው። ወረቀቱ ላይ የፈረመው ኦክቶበር 2 ነው። አበዳሪው ክሮግስታድ ይህችን የሦስት ቀን ልዩነት ይዞ ይመጣል። በመጨረሻ ኖራ ባሏንና ሦስት ልጆቿን ትታ በሌሊት በሩን ዘግታ ትወጣለች።

ከዚያ እሑድ ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ክርክሩ አዲስ ሆኖብኝ አይደለም። ተውኔቱ መጀመሪያ ኮፐንሃገን ውስጥ ከታየበት ከዲሴምበር 1879 ጀምሮ ሰው በዚሁ ሲጨቃጨቅ ኖሯል። የሚከነክነኝ ሁላችንም የምንከራከረው ስለ በሩ መሆኑ ነው። ልክ ነች ወይስ አይደለችም? መውጣት ነበረባት ወይስ መቆየት? ትዳሩ ግን በሩ ሲዘጋ ሕይወት አልነበረውም። ቀድሞ ሞቷል። የት ቦታ ላይ እንደሞተ በጣቱ ያሳየን ደግሞ ይህን ይናገራል ብዬ ያልጠበቅሁት ሰው ነው።

ጋሼ ያስመለሱት ቦታ

የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በዘመድም በሰፈርም ባልና ሚስት ሲጣላ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ስንቱን አስታርቀዋል። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ ሌሊት በራቸው ሲንኳኳ፣ ጋቢያቸውን ደርበው ሲወጡ አይቻለሁ። ፊልሙን ሲያዩ እንግሊዝኛው ሲፈጥንባቸው የእህቴ ልጅ በጆሯቸው ትነግራቸው ነበር እንጂ አንድ ቃል አልተናገሩም። ክርክሩ ሲጦፍም ዝም አሉ። ሁላችንም ኖራን ይፈርዱባታል ብለን ነበር።

ድንገት «እስቲ ሁለተኛውን ደብዳቤ ያነበበበትን ቦታ መልሺልኝ» አሏት ልጅቷን።

መለሰችላቸው። ቦታውን ታስታውሱት ይሆናል። ቶርቫልድ የክሮግስታድን የመጀመሪያ ደብዳቤ አንብቦ ሚስቱ ላይ ይወርድባታል። ውሸታም ይላታል። ወንጀለኛ ይላታል። ከአባቷ የወረሰችው መጥፎ ደም እንደሆነ ይነግራታል። ሥራዬን አበላሸሽ፣ ደስታዬን ገደልሽ፣ ልጆቼንም ከእንግዲህ አታሳድጊም ይላል። ለሰው ዓይን ግን እንደ ድሮው አብረን እንኖራለን ይላል። ይህ ሁሉ ውርጅብኝ ገና ሳይበርድ ሌላ ደብዳቤ ይመጣል። ክሮግስታድ ተጸጽቶ የብድሩን ወረቀት መልሷል። ቶርቫልድ በመብራቱ ሥር ያነበዋል። ከዚያ ይጮኻል። ዳንኩ! ኖራ፣ ዳንኩ!

እሷ «እኔስ?» ትለዋለች።

አንቺም እንጂ ይላታል። ወረቀቱን ቀዳዶ እሳት ውስጥ ይጨምራል። ይቅር ብዬሻለሁ ይላታል። ሌሊቱን በሰላም ተኚ፣ እኔ እጠብቅሻለሁ ይላታል። እንደ ወፍ፣ እንደ እርግብ ያደርጋታል።

ጋሼ ደግመው አስመለሱ። ከዚያ መናገር ጀመሩ።

«እኛ ሽምግልና ስንቀመጥ የምንጠይቀው የታወቀ ነው። ይማታል? ይጠጣል? ሌላ ሴት አለው? ደመወዙን ቤት ያስገባል? ይሄ ሰውዬ በአንዱም አይያዝም። ይቺ ልጅ እኛ ፊት ብትቀርብ ምን ብላ ትከሰዋለች? ‹ዳንኩ አለ› ልትል ነው? እኛስ ‹እና ምን አለበት፣ እንኳን ዳነ› ከማለት ሌላ ምን እንላታለን?»

የእህቴ ባል ደስ አለው። «እሱን ነው እኮ የምለው ጋሼ! የንዴት ነገር ነው። ሰው ሲናደድ የማይለው አለ?»

ጋሼ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ንዴቱማ ሲሰድባት ነበር። ስድቡን እኛም እናስታርቃለን፤ ካሳ ይክፈል፣ እግሯ ላይ ይውደቅ እንላለን። ዳንኩ ሲል ግን ተናዶ አልነበረም። ደስ ብሎት ነው።»

ንዴትና ደስታ

ይህችን ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ እያመላለስኳት ነው። ስለዚህ ተውኔትና ስለ ፊልሞቹ ብዙ አንብቤአለሁ፤ በደስታው የከሰሰው ሰው ግን አላጋጠመኝም። ሁላችንም የምናየው ስድቡን ነው። ስድቡ ጩኸት አለው፣ ዓይን ይስባል። በእኛ አገርም «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይባላል፤ የተሰበረ ቃል አይጠገንም ለማለት። ጋሼ ግን ያዩት ወለምታ አይደለም። ሰው ተናዶ የሚለው ነገር ከእውነቱ ሊበልጥ ይችላል። ልቡ ድንገት ሲያርፍለት የሚያመልጠው ግን ልኩን ነው። ማንም አላስገደደውም፣ ማንም አላናደደውም። በዚያች ቅጽበት ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱ ራሱ።

ኖራ ስምንት ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ሌላ ነገር ነው። ምስጢሩ የወጣ ቀን ባሏ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ ፊት ለፊት ይቆማል ብላ ታምናለች። እንደዚያ እንዳያደርግ ሕይወቷን ልታጠፋ፣ ወንዝ ልትገባ ሁሉ አስባ ነበር። ይህን ስትነግረው ቶርቫልድ ለሚወደው ሰው ሲል ክብሩን የሚሰጥ ማንም የለም ይላታል። እሷ ደግሞ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ሰጥተውታል ትለዋለች። እህቴም እዚህ ላይ ዝም አለች። ስለ ልጆቹ የሚቆረቆሩ ተመልካቾች እንኳ ለዚህ መልስ ሲሰጡ አልሰማሁም።

«ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል» እንላለን። ቶርቫልድ የሚጠጣው ውሃ ከማን እጅ እንደተቀዳ እንኳ አያውቅም። ኖራ ዕዳውን ለመክፈል ለልብስ ከሚሰጣት ገንዘብ ግማሹን ታስቀር ነበር። አንዱን ክረምት በሯን ዘግታ እስከ ሌሊት ጽሑፍ ትገለብጥ ነበር። ያን ጊዜ ደክሟት፣ ግን እንደ ወንድ ሠርታ ገንዘብ ማግኘቷ ደስ እንዳሰኛት ለጓደኛዋ ትናገራለች። እሱ የሚያውቀው የገና ጌጥ ስትሠራ እንደነበረ ነው።

ሁለት ፊልም በአንድ ዓመት

እ.ኤ.አ. በ1973 ይኸው ተውኔት ሁለት ጊዜ ፊልም ሆኗል። ሌላው የጆሴፍ ሎሲ ነው፤ ጄን ፎንዳ ኖራን፣ ዴቪድ ዋርነር ቶርቫልድን ሆነው። ሎሲ የቀረጸው ኖርዌይ ውስጥ፣ ሮሮስ በምትባል የጥንት የማዕድን ከተማ ነው። በረዶው፣ የእንጨት ቤቶቹ፣ ሁሉም እውነተኛ ናቸው። ለዓይን የእሱ ያምራል። ሁለቱን ያየ ተመልካች አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ይከፋፈላል። የሎሲው አየር አለው የሚል አለ። የጋርላንዱ ተውኔት በካሜራ ነው እንጂ ፊልም አይደለም የሚል አለ።

እኔ ከጋርላንዱ ጋር ነኝ። ምክንያቴ የደብዳቤ ሣጥኑ ነው። ቶርቫልድ ቤት በሩ ላይ የተቆለፈ የደብዳቤ ሣጥን አለ፤ ቁልፉ እሱ ኪስ ነው። ኖራ የክሮግስታድ ደብዳቤ እዚያ ውስጥ እንዳለ በመስታወቱ በኩል ታየዋለች፤ ማውጣት ግን አትችልም። በገዛ ቤቷ! እሱ ሄዶ እንዳይከፍተው ታራንቴላ የሚባለውን የጣልያን ጭፈራ አስተምረኝ ብላ እስኪያዞራት ትጨፍራለች። ጋርላንድ ከቤቱ ብዙ ስለማይወጣ ተመልካቹም አብሯት ይቆለፋል። ሎሲ ግን ኖራን በረዶው ላይ እያወጣ ያሳየናል። እሷ ስትተነፍስ እኛም እንተነፍሳለን። መጨረሻ ላይ ስትወጣ ታዲያ ምኑ ይከብዳል? ቀድሞም ስትወጣ ስትገባ አይተናት የለ?

ስለ ሁለቱ ተዋንያንም የሚባለው ይለያያል። ፎንዳ ከመጀመሪያው ጠንካራ ስለሆነች መለወጧ አያስደነግጥም ይላሉ፤ ልክ ይመስለኛል። ክሌር ብሉም ፊልሙን ከመሥራቷ በፊት በ1971 ኒው ዮርክ መድረክ ላይ ኖራን ተጫውታታለች። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ስትሽቆጠቆጥ፣ ስትለማመጥ፣ ባሏ የከለከላትን ጣፋጭ ደብቃ ስትበላ ታናድዳለች። የእህቴ ልጅ «ይቺ ሴትዮ ምን ሆናለች?» ብላ ስልኳን አውጥታ ነበር። ፊልሙን አለመዝጋቷ በጀ። ያን ሁሉ መሽቆጥቆጥ ካላዩ በመጨረሻ ጠረጴዛው ጋ ቁጭ በል የምንነጋገረው አለን ስትለው የድምፅዋን መለወጥ አይሰሙትም። ስምንት ዓመት በትዳር ኖረው ቁም ነገር ሲነጋገሩ ይህ የመጀመሪያቸው እንደሆነ ትነግረዋለች።

የልጆቹ ጥያቄ

እህቴን ግን ማለፍ አልፈልግም። ጥያቄዋ የዋዛ አይደለም፣ አዲስም አይደለም። ተውኔቱ ገና ትኩስ እያለ ሄድቪግ ኒማን-ራበ የምትባል ታዋቂ ጀርመናዊት ተዋናይት እኔ ልጆቼን ትቼ አልሄድም ብላ መጨረሻውን አልጫወትም አለች። ኢብሰን ሌላ ሰው ከሚያበላሽብኝ ብሎ ራሱ ሌላ መጨረሻ ጻፈላት። ባልየው ወደ ልጆቹ መኝታ በር ይጎትታታል፣ እሷም እዚያው ትወድቃለች፣ መጋረጃው ይዘጋል። ኢብሰን ይህን በተውኔቱ ላይ የተፈጸመ አረመኔያዊ ግፍ ብሎ ጠርቶታል።

የኢብሰን መነሻ የሆነችው ሴት ታሪክ ደግሞ ከሁለቱም መጨረሻ ይከፋል። ላውራ ኪለር የምትባል የሚያውቃት ደራሲ ነበረች። ባሏ ሳንባ ታሞ በድብቅ ተበድራ ጣልያን ወሰደችው። መክፈል ሲያቅታት ወረቀት አጭበረበረች። ባሏ ሲያውቅ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አስገባት፣ ከልጆቿም ተለየች። በኋላ ተመልሳ ከእሱ ጋር ኖራለች። እሷ የዘጋችው በር አልነበረም።

ስለዚህ «ልጆቿን ጥላ» ሲባል አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። ልጆቹን አታሳድጊም ያላት መጀመሪያ እሱ ነው። በደስታው ሰዓት ረሳው እንጂ ብሎታል። ኖራ አልረሳችውም። ምናልባት እውነቱን ነው ብላ ሁሉ ታስባለች፤ ራሴን ሳላሳድግ ማንን ላሳድግ ነው ትላለች። በዚህ ሐሳቧ አልስማማም። ለልጆቹ እሷ ከእሱ ትሻላለች። ያም ሆኖ ጥላ የሄደችው ስላልወደደቻቸው ነው የሚለውን አልቀበልም።

ክርክሩ እዚህ ደርሶ ቡናውን የምታፈላው፣ እህቴን ቤት የምታግዛት ልጅ ሲኒ እያነሣች ድንገት ጠየቀች። «ሴትዮዋስ? ሞግዚቷ? ልጇን አገኘቻት?»

ማናችንም አላሰብነውም ነበር። አን-ማሪ የምትባለዋ ሞግዚት (በፊልሙ ኢዲት ኢቫንስ ናት) ኖራን ራሷን ያሳደገች ነች። ያንን ሥራ ለማግኘት የገዛ ልጇን ለባዕድ ሰጥታለች። ኖራ እንዴት አስቻለሽ ብላ ስትጠይቃት፣ ድሃና ችግር ላይ የወደቀች ልጅ ያገኘችውን ሥራ መያዝ ነበረባት ትላለች። ልጇ ሁለት ጊዜ ጽፋላታለች፤ በቤተ ክርስቲያን የእምነት ማጽኛ ሥርዓት በፈጸመች ጊዜና ባገባች ጊዜ። በቃ።

ይህችን የጠየቀችው ልጅ የራሷን ልጅ ገጠር እናቷ ጋ ትታ ነው አዲስ አበባ የመጣችው። እህቴ ይህን ታውቃለች። ከአገራችን ስንት እናት ቤሩት፣ ጂዳ፣ ዱባይ የሰው ልጅ ታቅፋ የራሷን በስልክ እንደምታሳድግ ሁላችንም እናውቃለን። በእነሱ «ልጆቿን ጥላ» ብሎ የሚፈርድ የለም። ለእንጀራ ነው እንላለን፤ ልክም ነው። ኖራ ላይ የምንጨክነው እንግዲህ መተዋን ሳይሆን ለራሷ ብላ መተዋን ነው። እህቴ ይህን ስነግራት «ይለያያል» አለች። አዎ፣ ይለያያል። ምን ያህል እንደሚለያይ ግን እርግጠኛ ሆና አልነገረችኝም።

ወጥታ የት?

የእህቴ ባል የጠየቀው ሌላው ጥያቄ «በምኗ ትኖራለች?» የሚል ነው። ቻይናዊው ደራሲ ሉ ሹን በዲሴምበር 1923 ቤጂንግ ውስጥ ለሴት ተማሪዎች ንግግር ሲያደርግ ይህንኑ አንሥቷል። ኖራ ከወጣች በኋላ ወይ ትበላሻለች ወይ ትመለሳለች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ገንዘብ ከሌለ ሌላ መንገድ የላትም ብሏል። ደረቅ ቢሆንም እውነት ነው። ኖርዌይ ውስጥ ያገባች ሴት በራሷ ገቢ ላይ ሥልጣን ያገኘችው በ1888 በወጣ ሕግ ነው፤ ተውኔቱ ከታተመ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ።

በእኛም ቢሆን የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ነው ይል ነበር። ይህ የቀረው በ2000 በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።) ዛሬ ከ500 ብር በላይ መበደር የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል፣ የባልም የሚስትም ብድር። ቶርቫልድም ቢሆን የኖራን ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት ማለት ነው። ይህን ሳወራ የእህቴ ባል ሳቀ፤ ቤት ሲሠሩ ባንክ ቤት ተያይዘው ሄደው እንደፈረሙ ትዝ አለው።

መውጣቷን ከመጥላት ይልቅ እንዴት እንደወጣች የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ፣ የኢራኑ ዳርዩሽ መህርጁዪ በ1992 የሠራውን «ሳራ»ን እዩት። ኢብሰንን ወደ ቴህራን ወስዶታል። ሳራ ለባሏ ሕክምና የተበደረችውን ለመክፈል ሌሊት ሌሊት የሰርግ ልብስ ላይ ጌጥ ትሰፋለች፣ ዓይኗ እስኪደክም። ኒኪ ካሪሚ በዚህ ሥራዋ በሳን ሴባስቲያን ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይት ሽልማት አግኝታለች። ሳራ ስትወጣ ልጇን ይዛ ነው የምትወጣው። ለእኛ ቤት ተመልካች ይህ ይቀላል። እኔን ግን የሳበኝ መርፌው ነው። ኖራ ስትገለብጥ ኢብሰን በወሬ ነው የነገረን። መህርጁዪ ሥራውን ራሱን፣ ጣቷንና ዓይኗን አሳየን። ያንን ያየ ሰው ባልየው ሲጮህ የሚሰማበት ጆሮ ሌላ ነው።

ጋሼ በመጨረሻ አንድ ነገር አከሉ። «እኔ ብሆን እስኪነጋ ቆዪ እላት ነበር። በሌሊት የተወሰነ ነገር ጥሩ አይደለም።» ቶርቫልድም ይህንኑ ይላታል። ነገ ሂጂ ይላታል። እሷ ግን ከማላውቀው ሰው ቤት አላድርም ብላ ትመልሳለች። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ትንሽ ቆዩና «እንዲህ ካለችማ አብቅቷል» አሉ።

ክሪስቲንን ለምን ትጠሏታላችሁ?

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ፊልሙን ካየ ሰው ሁሉ የምሰማው ወቀሳ አለ፤ በኖራ ጓደኛ በክሪስቲን ላይ። ክሮግስታድ ከእሷ ጋር ሲታረቅ ደብዳቤውን ሳይነበብ ልመልሰው ብሏት ነበር። እሷ ግን ተወው፣ ይነበብ አለችው። የእህቴ ልጅ እዚህ ላይ «ጠላት!» ብላ ነበር የጮኸችው።

ሎሲ ይህችን ሴት ከጋርላንድ የተሻለ አድርጎ አሳይቶናል፤ ይህን አልክድም። ፊልሙን የሚጀምረው በእሷና በክሮግስታድ የድሮ መለያየት ስለሆነ ምን እንዳጣች ከመጀመሪያው እናውቃለን። እናቷንና ትንንሽ ወንድሞቿን ለማኖር ስትል የምትወደውን ትታ ሀብት አለው የተባለ ሰው አግብታለች። ባልየው ሞቶ ምንም አላተረፈላትም። ሁለቱ እንደገና ሲገናኙ እሱ ስሙ የጠፋ ሰው ነው፣ እሷ ባዶ እጇን የቀረች መበለት። አንዱ ለሌላው የሚደብቀው ነገር የለም። የእሱን ማጭበርበር ታውቃለች፣ እሱም ትታው እንደሄደች ያውቃል። በዚህ ላይ ነው ትዳር የሚጀምሩት። በዚያ ሌሊት ከሁሉም ይበልጥ ደስተኛው ሰው ክሮግስታድ ነው።

እንዲህ ያለች ሴት ናት እንግዲህ ደብዳቤው ይነበብ ያለችው። በዚያ ቤት ውስጥ ምን ያህል ነገር እንደሚደበቅ በዓይኗ አይታለች። ደብዳቤው ተመልሶ ቢሆን ኖሮ ኖራ ዕዳዋን ጨርሳ፣ ጣፋጯን ደብቃ፣ ባሏ አንድ ቀን ጥፋቱን በራሱ ይወስዳል እያለች ታረጅ ነበር። እህቴ «ባታውቅ ይሻላት ነበር» ትላለች። ትዳሯን ስለምትወድ ነው፤ እሷና ባሏ ደግሞ የሚፋቀሩ ሰዎች ናቸው። እኔ ግን ከክሪስቲን ጋር ነኝ። ኖራ ያንን ሁሉ ሌሊት የሠራችው ለማን እንደሆነ የማወቅ መብት ነበራት።